ያልተመታው ፊት

ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው የያዙኝ። «የማንን ቁስል ነው ያሰርከው?» አሉኝ። የመጣውን ሁሉ አልኩ። ነርስ ነኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

መርሳ ከተማ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ሰው ታጭቆበታል፤ ሁሉም ያካል። ሳልቆይ እኔም ማከክ ጀመርኩ። እከኩ ቆሰለ፣ ቁስሉ መገለ። ውኃ የለ፣ ሳሙና የለ። ለማማረር እንኳ አቅም አልነበረንም።

አጠገቤ የሚተኛው በመርሳና በወልድያ መካከል የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። «እነማንን ነው የጫንከው?» ብለው ያዙት። «መንገድ ላይ እጁን ያነሣውን ነዋ!» ብሎ መለሰላቸው። እኔን ዶክተር ይለኛል፤ ነርስ ነኝ ብለው አይሰማም።

አንድ ጠዋት ፊቱ አብጦ ተነሣ። ዓይኑ ሊከደን ምንም አልቀረው።

«ወይ አንተ! እስሩ ተስማማህ፤ ወፈርክ እኮ!» አለው አንዱ ከወዲያ ጥግ። ሳቅን። እኔ ግን ቁርጭምጭሚቱን በጣቴ ብጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

«ሽንትህ እንዴት ነው?»

«ተወኝ እባክህ ዶክተር፣ ያሳፍራል።»

«ንገረኝ ስልህ!»

«ኮካ መስሏል። ደግሞም አንሷል።»

በሃይላንድ ሽና አልኩትና ጠርሙሱን በግድግዳው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን አየሁት። እንዳለው ነው፤ ላዩ ላይም አረፋ አለው። ፈራሁ። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩ፣ እንደ ወንፊት ያሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። እነሱ ሲጎዱ ደሙና ፕሮቲኑ ወደ ሽንት ያልፋል፤ ጨውና ውኃው ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። መነሻው ብዙ ነው። ስኳር በሽታ በዓመታት ያደርሰዋል፤ የጉበት ቫይረስም ያመጣዋል። አንዳንዱ ዓይነት ምንም ሳያሳምም ቀስ እያለ ኩላሊቱን ይጨርሳል። የእሱ ግን በድንገት የሚመጣው መሰለኝ። ጉሮሮ ወይም ቆዳ በቆሰለ በሳምንታት ውስጥ፣ ሰውነት ጀርሙን እዋጋለሁ ሲል የገዛ ኩላሊቱን ይጎዳል። ብዙ ሰው ይድናል። ግን ግፊቱ ዝም ከተባለ፣ ሽንቱም ከቆመ ይገድላል። ወልድያ ሄዶ መታከም ነበረበት።

ለጠባቂዎቹ አዛዥ ነገርኩት። መጥቶ ፊቱን ሲያይ ክው አለ። የደነገጠው ግን ለበሽተኛው አልነበረም።

«በዚህ ፊት አውጥቼው፣ መታችሁት ሊሉን? ሞኝህን ፈልግ! መጀመሪያ እብጠቱ ይጉደል።»

«እስኪጎድል ሰውየው አይቆይም» አልኩት። ትቶኝ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ መከርን። ምክሩ አንድ ነው፤ ነገ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትመጣ «መቱኝ» ይበል። ሕዝቡ ይጮሃል፣ እነሱም ፈርተው ይወስዱታል። እኔም በል አልኩት። ሌላ መላ አልታየኝም።

«ያልመታኝን ሰው?» አለና እያለከለከ ጋደም አለ። በጣም አንጀቴን በላኝ።

በማግስቱ ሚስቱ ሳላየው አልሄድም ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ጠያቂዎች አብረዋት ተቀመጡ። በመጨረሻ አወጡት። ደግፌው የወጣሁት እኔ ነኝ። ፊቱን ስታይ ጮኸች።

«ምነው! ምን አደረጋችሁብኝ!»

ሰዉ ተነሣ። አዛዡ ላብ አጥምቆታል።

«ማንም አልመታኝም» አለ ሹፌሩ።

አዛዡ እፎይ አለ። ሹፌሩ ግን አልጨረሰም። ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ቁስሉን አሳየ።

«እከክ ነው። ውስጥ ያለነው ሁሉ እንዲህ ነን። ኩላሊቴን ይዞኛል፤ የምሸናው ደም ነው። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ።»

ለእኔ ለብቻዬ ለመናገር ያፈረበትን በሚስቱና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረው። እኔም ሱሪዬን ጠቀለልኩ። ከኋላችን በር ላይ የቆሙት እስረኞችም ጠቀለሉ። ማንም አልጮኸም። አዛዡ እግራችንን ሲያይ ቆየና መኪና አስጠራ።

ሹፌሩ ዳነ፤ የግፊት ክኒን ግን እስከ ዛሬ ይውጣል። በኋላ እሱም እኔም ተፈታን። ስለዚያ ቤት ማውራት ይደክመኛል፤ ሲጠይቁኝም ወሬ እለውጣለሁ። በቅርቡ በሚኒባሱ ከጎኑ ተቀምጬ ሲሪንቃን ስናልፍ ግን ጥያቄው ከአፌ አመለጠኝ።

«ለምን መቱኝ አላልክም? ብትሞት ኖሮስ?»

«መቱኝ ብል የሚያወጡት እኔን ብቻ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እናንተስ?»

እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ሳሙናና የእከክ ቅባት ገብቶልን ነበር።