ለአሚን የማይመች ማሽን

በ2007 ዓ.ም. በበልግ ነበር። ሳል ያዘኝና አልለቅ አለ። ቡታጅራ ላይ በርበሬ የምትነግድ ሴት ስታስል ማን ይደነግጣል? እኔም በርበሬው ነው አልኩ። ራጅ ስነሳ ግን ሳንባዬ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ታየች። ሐኪሙ፣ ካንሰር መሆን አለመሆኗን ሲቲ ስካን ይለየዋል ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። የመጨረሻው ልጄ ገና አንደኛ ክፍል ነበር። ሚኒባሱ ጥያን እስኪያልፍ "ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ እስካሳድግ" ከማለት በቀር አልተናገርኩም። አብራኝ የሄደችው ትልቋ ልጄ ዝምታዬን ስለለመደችው እንቅልፏን ተኛች።

ማሽኑ ትልቅ ቀለበት ነው። አልጋው ላይ አስተኙኝ። የሚያነሳው ወጣት የወልቂጤ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ በድምፅ ማጉያ፣ "እናቴ፣ አየር ይሳቡ። ይያዙት። አይተንፍሱ። አላህ ያሽርዎት" አለኝ።

"አሚን" አልኩ።

ብቅ አለ። "እናቴ፣ ሲናገሩ ደረትዎ ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉ ይደበዝዛል።"

እሺ አልኩ። እኛ ዘንድ ግን አሚን ያልተባለ ምርቃት መሬት ይወድቃል።

"ይሳቡ። ይያዙት። ጎበዝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት!"

"አሚን።"

ልጄ ከመስታወቱ ጀርባ ጮኸች። "ኧረ በናትህ አትመርቃት! ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣት ሴትዮ እኮ ናት። ስደባት፣ ዝም ትላለች!"

"እናቴን የሚያህሉ ሴት እንዴት ልስደብ?"

ማጉያው ክፍት ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ። ሳቄ መጣ። በሳቄም የተነሳ ምስሉ እንደገና ተደገመ። በመጨረሻ የሚችለውን ያህል ተቆጥቶ "ዝም ይበሉ!" አለኝ። ዝም አልኩ።

ከሰዓት የሆስፒታሉ ሐኪም ምስሉን አይታ አስረዳችኝ። እብጠቷ ዙሪያዋ ልሙጥ፣ ውስጧ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው፤ ድሮ ይዞኝ የዳነ በሽታ ጠባሳ እንጂ ካንሰር አይደለችም።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ። "ሳሉስ?"

"እሱ በርበሬው ነው" አለች።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት ተመለስኩ። ወጣቱን በሩ ላይ አገኘሁት። እጄን ዘርግቼ መረቅኩት፤ ለእናቱ፣ ለሥራው፣ ለሚያገባት ልጅ። አፉን ሊከፍት ሲል ልጄ "አይተንፍሱ!" አለችው። እስክጨርስ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ "አሚን!" ሲል ወረፋ የያዙት ሁሉ አብረውት አሚን አሉ።