ልጅቷን ተዉልኝ

ፎገራ ላይ ጥር ሲገባ፣ ሰርግ የደገሰን ሰው ከጠላውና ከጠጁ ይልቅ የሚያስጨንቀው «ያችን ልጅ እናገኛት ይሆን?» የሚለው ነበር። ያች ልጅ ታላቅ እኅቴ ናት። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ዘፈን ታወርድ ነበር። ከይፋግ፣ ከአንበሳሜ ሳይቀር ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ትላክላታለች፤ እናቴ ከኋላዋ ትፈናጠጣለች፤ እኔ በእግሬ እየሮጥሁ እከተላለሁ። ለእኔማ ማን በቅሎ ይልካል! ከበሮው ከእሷ ይበልጥ ነበር፤ አፏን ስትከፍት ግን ዳሱ ጭጭ ይላል፣ ሙሽራዋን የሚያያት ይጠፋል። አንዷ ሙሽራ እንዲያውም ተቀይማ አልቅሳለች አሉ። እሰይ!

አንድ ክረምት ጉሮሮዋን አሟት ተኛች። ትኩሳቱ ሲለቃት ጉልበቷ አብጦ ተነሣች። በዓመቱ ወረታ ላይ አንድ ሰርግ ሄደን፣ ገና ዘፈኑን እንደጀመረች ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ከንፈሯ ጠቆረ፤ ሴቶቹ ተሸክመው ከዳሱ አወጧት። «ዓይን በላት» ተባለ። ያላለ ማን አለ! እናቴ ክታብ አሠረችላት፣ ዘፈን ከለከለቻት፣ ዝናቡ ባበቃ ቁጥርም ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዘናት እንሄድ ጀመር። ፍል ውሃው ጉልበቷን ትንሽ ያፍታታላታል፤ ለትንፋሿ ግን ምንም አልፈየደም። ብዙ ቆይተን ጎንደር ሐኪም ቤት ብንወስዳት ልቧ ነው አሉን። ረፍዷል አሉን ደግሞ።

እኅቴ አደገች። ሰው ግን እንድታድግ አልፈቀደላትም። ወንዛዬ ውሃው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እንኳ አንዷ ሴትዮ ትጠጋና «አንቺ ያች ዘፋኟ ልጅ አይደለሽም? እስቲ አንዴ አውርጅልን!» ትላታለች። እኅቴም ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ውይ፣ እሷማ ሞተች። እኔ እኅቷ ነኝ» ትልና እኔን በክርኗ ትጎሽመኛለች። እናቴም ያው ናት። እንግዳ ቤት በገባ ቁጥር ከሣጥኗ ያችን ባለጥልፍ የልጅነት ቀሚስ ታወጣለች፤ «በዚህች ነበር እኮ አገሩን ያስጨፈረችው» ትላለች። እኅቴ እዚያው ጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ልቧ ወሊድ አይችልም ስለተባለ አላገባችም። እኔ ወረታ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ እንደ አገሩ ደንብ አያቱ ቤት እንዲያድግ ለእናቴ ሰጠሁት። ለእናቴ ሰጠሁ እንጂ ያሳደገችው እኅቴ ናት። ውሃ መቅዳት አትችል፣ እንጨት መሸከም አትችል፤ ልጄን ግን አቅፋ ታስተኛዋለች፣ ሲያጠፋ በምላሷ ትገርፈዋለች። እኔ ልጠይቀው ስመጣ ከእሷ ቀሚስ ሥር ነበር የሚደበቅብኝ። እንዴት እቀና ነበር መሰላችሁ!

የመጨረሻዋ ክረምት ከፋች። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው፤ ጎንደር እንዳንወስዳት መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆነ። እግሯ አበጠ፤ ስትጋደም ትንፋሽ ያጥራታልና ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታድረው። ላስታምማት መጥቼ ሳለሁ፣ እናቴ በረት የወጣች ጊዜ እኅቴ እጄን ያዘችኝ።

«ስሞት ያችን ልጅ ያለቅሱላታል፤ አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ ግን እኔን አልቅሽልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ዝም በይ፣ ምን ያሟርትሻል!» ብዬ ተቆጣሁ። በሳምንቱ ሞተች።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ይወጣል። ለወንድ ፈረሱ ተጭኖ ጠመንጃው ይያዛል፤ ለሴት ልብሷና የእጅ ሥራዋ ይወጣና ሙሾ አውራጇ እያሳየች ታስለቅስበታለች። ሰዉ ውሃውን በታንኳ እየተሻገረ ተሰበሰበ። እናቴም ደረቷን እየመታች መጣች፤ በሁለት እጇ ዘርግታ የያዘችው ያችኑ የልጅ ቀሚስ ነው። ከወዲያ ማዶ የመጡ ሴቶች «ውይ! ሕፃን ነው እንዴ የሞተው?» ሲባባሉ ሰማሁ። ሙሾ አውራጇ አሮጊት ቀሚሱን ተቀብለው ከፍ አደረጉና ጀመሩ፤

ከበሮው ተመታ፣ ሙሽራዋም መጣች፣
ያቺ ሚጢጢ ልጅ ወዴት በርራ ወጣች?

አገሩ በእንባ ታጠበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ድምፅ የለኝም፤ ከእኔ ቁራ ይሻላል፤ በለቅሶ መሃል አፌን ከፍቼ አላውቅም። ግን ይች ቀን ካለፈች ሌላ ቀን የላትም። ገብቼ ክንዳቸውን ያዝሁና «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ አንዴ ይተዉልኝ» አልኋቸው። ደንግጠው ቀሚሱን ዝቅ አደረጉ። እኔም በዚያ በሻከረ ድምፄ፤

ያችን ልጅ ተዉልኝ፣ ድሮ ነው ያለፈች፣
ዛሬ የሞተችው ልጄን ያሳደገች።

ሰዉ ተያየ። የሚቀበለኝ ጠፋ። አንዷ «ምን ነካት?» አለች። እኔ ግን አላቆምሁም፤ ግጥሙ ሲያልቅብኝ እንዲያው እየጮኽሁ ተናገርሁ። ስለ ነገረኛ ምላሷ፣ ስለ ክፉ ሌሊቷ፣ ልጄን እንዴት እንደቀማችኝ። ቀስ በቀስ ጎረቤቶቻችን፣ ፈትሏን የሚወስደው ሸማኔ ሳይቀር፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ከእኔ ጋር ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር።

ሣልስቱ ውሎ ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ተቆጥታኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ሳቋ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«የማን?»

«የእኅትሽ ነዋ። ካደገች በኋላ። እኔ ፊት ስቃ አታውቅም።»

ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራት እንደነበር፣ እናቴም ትንፋሿ ሲያጥር ባየች ቁጥር «ልጄ ሞተችብኝ!» እያለች ትጮኽ እንደነበር ነገርኋት። «እንዳትደነግጪ ብላ ነው» አልኋት። «አንቺ ስትወጭ ነበር የምትስቀው።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ያን ጊዜ አለቀሰችላት።