ድልድይ፣ ሐሙስ፣ ኮረሪማ

ስልኬ የቡና ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የገባው ረቡዕ ዕለት ነው። ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ማጠቢያ ጣቢያ ናሙና ልመዘግብ ሄጄ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ ኢሜይሌን ልከፍት ስል ከእጄ ሾልኮ ጥልቅ አለ። እንደኔ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም የማይችል ሰው ውሃ ዳር ስልክ ማውጣት አልነበረበትም። ሠራተኞቹ በወንፊት ዝቀው አወጡልኝ። ጠረግኩት፣ አራገፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ወይ ፍንክች!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ለሦስት ዓመት ሳመለክትበት የኖርኩት የሁለተኛ ዲግሪ ነጻ የትምህርት ዕድል ደርሶኝ ነበር። ከአገር ውጭ፣ ሁለት ዓመት። ኢሜይሉ የሚለው አጭር ነው፤ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ገብተሽ መቀበልሽን ካላረጋገጥሽ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። የደረሰኝ ሰኞ ነው። ታዲያ ሰኞውኑ ለምን አልጨረስሽም አትበሉኝ። ለእናቴ ሳልነግራት ልጨርሰው አልሆነልኝም፤ ልነግራትም አልደፈርኩም። ሰኞና ማክሰኞ እንዲሁ ስልኩን ሳወጣና ስመልስ አለፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ የዘገየውስ ምን ይበል?

እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ ባይ ነኝ። ድሮ ለሁሉም ነገር አንድ የይለፍ ቃል ነበረኝ። የአንዲት ባልደረባዬ ገጽ ተጠልፎ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በስሟ ስድብ ሲላክ ካየሁ በኋላ ግን ደነገጥኩና የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ለየገጹ ማንም የማይገምተው የፊደል ዝብርቅርቅ ራሱ ይፈጥርልሻል፣ ራሱ ያስቀምጥልሻል፤ አንቺ የምትይዢው ዋናውን ቁልፍ ብቻ ነው። አሳሾቹ ውስጥ ተዝረክርከው የነበሩትን የድሮ ቃሎቼን አንድ በአንድ አጠፋሁ። የቢሮው ኮምፒውተር ለአራት የምንጋራው ስለሆነ እዚያ ላይ አልጫንኩትም። ዋናውን ቁልፍ ስመርጥማ ጭራሽ ተራቀቅኩ። መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴ ያረፈባቸውን አምስት ቃላት ያዝኩ። ማንም ሊገምተው እንዳይችል ምንም ትርጉም እንዳይሰጥ ብዬ የደከምኩበት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ ላይ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። ጣቴን ሳሳርፍ ይከፈታል፣ አለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቴ ሲያስታውስ እኔ ረሳሁ።

መሳቢያ ውስጥ የጣልኩትን ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ማስቀመጫውን ጫንኩ። አዲስ በተጫነበት ስልክ ላይ ጣት አይበቃውም፤ ዋናውን ቁልፍ ጠየቀኝ። ኮረሪማ የምትል ቃል እንዳለች ትዝ ይለኛል። ሌላውስ? ሞከርኩ፣ ስህተት። ገለበጥኩ፣ ስህተት። ኋላ ላይ ደጋግመሽ ተሳስተሻልና ቆይተሽ ሞክሪ አለኝ። ማስቀመጫውን የሠሩትም ሰዎች ቁልፉን እንደማያውቁት አስቀድመው ነግረውኛል፤ አስተማማኝ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በኢሜይሉ በኩል ልዙር ስል ደግሞ ማስመለሻው ከጣልኩት ብዙ ጊዜ በሆነው በድሮው ስልክ ቁጥሬ ነው። ምድር ጠበበችኝ። ክፍሌ ውስጥ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስመላለስ አከራዬ «ደህና ነሽ?» ብለው አንኳኩብኝ።

ወረቀቱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለመስቀል ጌጫ፣ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ ቁልፉን በእጅ ጽሑፌ ጽፌ ሳጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ከትቼዋለሁ። አልነገርኳትም፤ ምስጢር ነዋ! በማግስቱ ደግሞ ተጣላን። መቼ ነው የምታገቢው አለችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ቱግ ብዬ የማይባል ተናገርኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ አልረገጥኩም። በስልክ እንገናኛለን፤ እሱም ሐሙስ ሐሙስ ብቻ። ሌላ ቀን ስልኳ አይሠራም። «ኮረሪማው እኮ ደርቋል» ትለኛለች። «እሺ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እላለሁ።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። ሚኒባሱ ቴፒ እስኪደርስ ሾፌሩን በዓይኔ ስገፋው ነጋ። ቴፒ ላይ ደግሞ የጌጫው መኪና ካልሞላ አልሄድም አለ። በዚያ ሙቀት መኪናውን ስዞረው ረዳቱ «እትዬ፣ ብትቀመጪ ቶሎ ይሞላል» ሲል ተሳፋሪው ሳቀብኝ። ንዴቴ! ልመልስለት ስል መኪናው ሞላና አፌን ዘጋሁ። ዳገቱን ስንያያዘው ብርዱ በመስኮት ገባ፤ እኔ ግን ወረቀቱን አይጥ በልቶት ይሆን ከሚለው በቀር ምንም የማስበው አልነበረኝም።

ከእናቴ ቤት በታች ካለው ድልድይ ላይ ወረድኩ። አንገቴን ቀና ሳደርግ እናቴ የድልድዩ ጫፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከገበያ ስትመለስ ያረፈች መሰለኝ።

«መጣሽ?» አለችኝ። አልደነገጠችም። ጉንጬን ይዛ ደጋግማ ሳመችኝ።

«እማዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት ነበረ። አለ?»

ሁለት ዓመት ተለይቻት የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«የት ይሄዳል? አለ እንጂ» አለችኝ።

ሽቅብ አስሮጥኳት ማለት ይቻላል። ቤታችን እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ የጭቃ ግድግዳው ብርድ እንዳያስገባ በጋዜጣና በአሮጌ የፈተና ወረቀት የተለበጠ ነው። ሳጥኑን ስከፍት «እዚያ አይደለም፣ ወዲህ ነይ» ብላ ወደ አልጋዋ ወሰደችኝ። ወረቀቴ ከራስጌዋ በላይ፣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ፣ ጽሑፉ ወደ ሰው ዞሮ ይታያል። ኧረ በስመአብ! ዋናው ቁልፌ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ!

ቀረብ ብዬ ሳየው ደግሞ በቆርቆሮው ቀዳዳ የወረደ ዝናብ ከታች በኩል አበስብሶታል። «ድልድይ» ይነበባል። «ሐሙስ» ይነበባል። ከዚያ በታች ሻጋታ ነው። ጥፍሬን ሳሳርፍበት እንደ ረጠበ ዳቦ ፈረሰ።

አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት። «ምን ብለሽ ለጠፍሽው? ማን ልጠፊ አለሽ? ሕይወቴ እኮ ነው!» አልኳት።

እናቴ አልተቆጣችም። ከምሰሶው ላይ በክር የተሰካ ኮረሪማ አወረደችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ኮረሪማ» አለች። «ሦስተኛው እሱ ነው። አራተኛው ሙሽራ። አምስተኛው ጭልፋ።» ጓዳ ገብታ ወጥ ያልነካው አዲስ ጭልፋ ይዛ መጣች። «ጭልፋዋ ለምን እንደሆነች አልገባኝም ነበር። የገባውም አልተገኘም፤ ከጎረቤት ጋር ብዙ ተመካክረንበታል። ቢሆንም ገዛኋት።»

ጭልፋዋን ተቀብዬ አገላበጥኳት።

«ኩሩ ነሽ» አለችኝ። «ተጣልተሽኝ ወጣሽ፤ በአፍሽ ይቅርታ አትዪም። በማግስቱ ሳጥኑን ስከፍት ወረቀቱን አገኘሁ። በድልድዩ በኩል፣ ሐሙስ ቀን እመጣለሁ፤ ኮረሪማ አዘጋጂልኝ፣ ሙሽራ ልሆን ነው ብለሽኛል። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ስላልጻፍሽ ሐሙስ ሐሙስ ድልድዩ ድረስ እወርዳለሁ።»

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ማንም ደብዳቤ ጽፎላት አያውቅም። ስልኳ ሐሙስ ብቻ የሚሠራው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ፤ ኔትወርክ የሚገኘው ድልድዩ ላይ ነው።

ወደ ድልድዩ ተመልሰን ወረድን። እሷ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ እንደ ልማዴ ቆሜ አምስቱን ቃላት በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ተከፈተ። ኢሜይሉን አወጣሁና ከመጫኔ በፊት ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ትምህርቱን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ሙሽራ አለመኖሯን፣ ወረቀቱም ደብዳቤ እንዳልነበረ፣ የይለፍ ቃሎቼ ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ እንደነበረ።

«ታዲያ ለእኔ አልነበረማ» አለች።

ወንዙን ማየት ጀመርኩ።

«ቢሆንም» አለች ቆይታ፣ «ቁልፉን ያስቀመጥሽው እኔ ቤት ነው። ለሌላ ሰው አልሰጠሽውም። በይ ጫኚው፤ ዝናብ እየመጣ ነው።»

ጫንኩት። መቀበልሽ ተመዝግቧል የሚል መልስ መጣ። ጎረቤት ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ቁልፍ ደግሞ ቁልፍ አይባልምና እዚያው ቆሜ ለወጥኩት። ሌሎች አምስት ቃላት መረጥኩ፤ ጣቴ እንዳያስረሳኝም በሳምንት አንዴ በእጄ ልጽፈው ወሰንኩ። ቤት ስንመለስ በሁለት ወረቀት ገለበጥኩት። አንዱን ይዤው ልሄድ አስቀረሁ፣ ሌላውን በፖስታ አሽጌ ለእናቴ በእጇ ሰጠኋት። «ይሄ አይለጠፍም፣ ለማንም አይነገርም። ስልክ ሲጠፋብኝ ግን እደውልልሻለሁ፣ ቀደሽ ታነቢልኛለሽ» አልኳት። ሳጥኗ ውስጥ ከነጠላው ሥር ከተተችው።

ከዚያ አሮጌውን ወረቀት ልጣ ራስጌዋ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ አየች። «እዚህስ?» አለችኝ።

ሌላ ወረቀት አወጣሁና በትልልቁ ጻፍኩላት፦ «እማዬ፣ ሐሙስ እመጣለሁ።» ተቀብላ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበችው።

«ይሄስ ቁልፍ ነው ደብዳቤ?»

«ደብዳቤ ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጻፊበት» አለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።