መሬት ያልደረሰው ሽቦ

ዲኖ በዓለም ገና ከተማ መንገድ ዳር የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞላው። ቺፕ ከመንካቱ በፊት እጁን መሬት ከተተከለ ብረት ጋር በሽቦ ያስራል፤ በበጋ ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ስሱን ቺፕ ያቃጥለዋልና። ሱቁ ፈርሶበት ፎቅ ላይ ክፍል ሲከራይ፣ ሽቦውን ከግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ከሚያወርደው ሽቦ ጋር አያያዘው።

ዛሬ ለኦቦ ሞቱማ አምፕሊፋየር ከገበያ የጠፋውን ቺፕ ሲገጥም ጣቱን ነዘር አደረገው። ቺፑ ሞተ።

«እጅህ አረጀ እንዴ ዲኖ? የልጄ ሠርግ እኮ ነገ ነው!» አሉ ኦቦ ሞቱማ።

ዲኖ የግድግዳውን ሶኬት ፈታ። የመሬቱ መስመር ሲሚንቶ ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። ለባለፎቁ ደወለ።

«መብራቱ ይሠራል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለብህ?» አለው ባለፎቁ።

ሰው ዕድሜ ልኩን ሲጠነቀቅ ኖሮ፣ ሌላው ግድግዳ ውስጥ ለቀበረው ጥፋት ይጠየቃል።

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሌላ ቺፕ የለኝም» አለ ዲኖ። ሽማግሌው ግን አምፕሊፋየሩን ታቅፈው ደረጃውን መውረድ ጀምረው ነበር።