የደከመ ሰው የሌለበት ክፍል

ጎንደር ውስጥ ካንሰር ክፍል ነርስ ሆኜ የገባሁ ቀን ኃላፊያችን መጀመሪያ ያስረከቡኝ ጓንትም መርፌም አልነበረም፤ ቅጽ ነበር። «ኬሞ ከመስጠትሽ በፊት ድካማቸውን ትጠይቂያለሽ። ምንም ካልደከማቸው ዜሮ፣ በጣም ከደከማቸው ዐሥር። ባዶ ቦታ እንዳላይ!» አሉኝ። እኔም አላሳየኋቸውም።

የመጀመሪያው ታማሚዬ አያ ታከለ ነበሩ፤ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የኮሶዬ ገበሬ፣ የአንጀት ካንሰር የያዛቸው። «እንዴት ነዎት? ድካም አለ?» አልኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ» አሉ። ዜሮ ጻፍሁ። ቀጥሎ ያለውም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለችውም አመሰገኑ። ዜሮ፣ ዜሮ። አገራችን ሰው ቤቱ እየተቃጠለም እንዴት አደርህ ሲሉት «ይመስገን» እንደሚል እያወቅሁ፣ ያደግሁበትን ሰላምታ እንደ ምርመራ ውጤት መዘገብሁት። ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ቅጼን ከፍ አድርገው አሳዩ። በክፍላችን የደከመ ታማሚ የለም ተባለ፤ ተጨበጨበ። አያ ታከለ በዚያው ሰዓት ግድግዳ እየተደገፉ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዱ ነበር።

በአራተኛው የኬሞ ዙር አያ ታከለ ቀሩ። «ጠፍቷል ብለሽ መዝገቡን ዝጊው» አሉ ኃላፊያችን። እኔ ስልክ ደወልሁ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሬ አነሡ። «ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ይውላል። ወንድሞቹ ሥራ ጠላ ይሉታል። እሱም፣ የሚያደክመኝ መድኃኒቱ ነው፣ ከእንግዲህ አልሄድም ብሏል» አሉኝ። ሕክምናውን ካቋረጡ በሽታው እንደሚቀድማቸው አውቃለሁ። ፈራሁ።

በዕረፍት ቀኔ ኮሶዬ ወጣሁ። አያ ታከለ ሲያዩኝ ለእንግዳ ክብር ከመደቡ ተነሡ፤ ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። «እንዴት ነዎት?» አልሁ፤ ልማድ አይለቅም። «ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ» አሉና ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ዜሮዬን በዓይኔ አየሁት። አፈርሁ።

«ዛሬ ምን ሥራ ጀምረው ተዉ?» አልኋቸው።

«በሬ ጠምጄ ነበር። ሦስተኛው ትልም ላይ እጄ እርፉን ለቀቀ። ብተኛም አይወጣልኝ፣ ልጄ። ይህን ለማን ይናገሩታል? ሰነፈ ይሉኛል።»

ወንድሞቻቸውን አስጠርቼ ነገርኋቸው፦ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ከበሽታውም ከመድኃኒቱም የሚመጣ ድካም ነው፤ እንቅልፍ ብቻውን አያወጣውም። ታላቅ ወንድማቸው «ምነው ታዲያ ሳይነግረን?» አሉ። «ማን ጠየቃቸው?» አልሁ። ለራሴም ጭምር ነበር።

ወንድሞቹ እርሻውን ተረከቡ። አያ ታከለ ተመልሰው መጡ፤ ሲመረመሩ ደማቸው አንሶ ተገኘ፣ ታከሙ። ሐኪሙ ቀን ላይ አጭር ዕረፍት፣ ጧት ጧት ደግሞ ቀስ እያሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር መሄድ አዘዘላቸው። ደህና ጉልበት የሚያገኙበትን ሰዓት ለንብ ቀፎዎቻቸው አስቀመጡት። ድካሙ ጨርሶ ባይለቃቸውም ኬሞውን እስከ መጨረሻው ዙር ወሰዱ።

ከዚያ ወዲህ ቅጼ በስድስት፣ በሰባት፣ በስምንት ተሞላ። ኃላፊያችን አስጠሩኝ። «ምን አደረግሻቸው? ክፍሉን በሙሉ አደከምሽው እኮ!»

«ጠየቅኋቸው» አልሁ።

አዲስ ለምትገቡ ነርሶች የምለው ይህ ነው፦ ታማሚውን ሰላም በሉት፤ የሰላምታውን መልስ ግን ቅጽ ላይ አትጻፉ። ምን ጀምሮ እንደተወ ጠይቁትና እሱን ጻፉ።