ጅቡ ዛፍ ላይ የወጣበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ከሬዲዮ ጠጋኙ ከጋሼ ኢተፋ ነበር፤ እሱም የብየዳ ብረታቸው ፍም ውስጥ ተቀብሮ እስኪግል ድረስ ባለችው ጊዜ ብቻ። ያኔ መቱ ውስጥ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ስለሚያመሽ ጋሼ በኤሌክትሪክ የሚግለውን ብረት አያምኑትም። የእንጨት እጀታ ያለውን ወፍራሙን ብረት ከሰል ምድጃው ውስጥ ይሰኩና፣ ኩራዟን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርገው «ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ። በኦሮምኛ «ድሮ ድሮ» ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ ይቀጥላል፤ እኛ የሰፈር ልጆች የትኛው ቃል የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ለይተን አናውቅም፣ ማወቁም አላስፈለገንም። ብረቱ ሲግል ተረቱ ባለበት ይቆማል። ጋሼ ብረቱን አንሥተው ሽቦው ላይ ይጭኑታል፣ ሙጫ ሙጫ የሚል ቀጭን ጭስ ወደ ኩራዟ ይወጣል፣ ከዚያም ብረቱ ወደ ፍሙ፣ ጅቡም ወደ ጫካው ይመለሳል።

በወጣትነታቸው ኖፓ አጠገብ በነበረ የቡና መሰብሰቢያ ጣቢያ የሬዲዮ ግንኙነት ሠራተኛ ነበሩ። ስልክ ባልገባበት ዘመን የትኛው መኪና እንደተጫነ፣ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ የማን ሚስት እንደወለደች ሁሉ በእሳቸው ጆሮ ያልፍ ነበር። ስልክ ሲመጣ ጣቢያው ተዘጋ፤ መልእክት የሚቀበሉበት ሬዲዮም አርጅቷል ተብሎ ለእሳቸው ተሰጠ። ግራጫ የብረት ሳጥን ነው፣ ለብቻ አይነሣም። ሆዱ ውስጥ ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ የብርጭቆ ቫልቮች ተደርድረዋል፤ ሲበራ ቀስ እያሉ ይቀላሉ። ጋሼ የከተማውን ሬዲዮ ሁሉ ሲጠግኑ ይሄኛውን ግን «የእኔ ይደርሳል» እያሉ አልጋ ሥር አስቀምጠውት ነበር። ከዓመታት በፊት ድምፁ ጠፍቶ እንደዚያው ቀርቷል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ጋሼ ኢተፋ ከገበያ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸውም ተያዘ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ «ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ ንግግሩ ግን ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ማለቱን እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጠያቂ ሲመጣ አይዞሩም፤ የሚቀምሱት ምግብም ለሕፃን የሚበቃ አልነበረም። እናቴ ጠይቃቸው በተመለሰች ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እያየናቸው እየሄዱ ነው» ትል ጀመር።

ባለቤታቸው እትዬ ታደለች በርበሬና ቅመም ነጋዴ ነበሩ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የማይሰብሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል በራቸው ላይ ቆመው ጠሩን።

«ኑ ግቡ! ዛሬ ተረት አለ።»

ስንገባ ግራጫው ሬዲዮ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ብረቱ ፍም ውስጥ ነው። እትዬ ታደለች የጋሼን መነጽር አድርገዋል።

«እትዬ፣ ሬዲዮ ይጠግናሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሲጠግን አይቼ የለ? ተቀመጡ።»

ጋሼ አልጋቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። እትዬ ታደለች «ዱሪ ዱሪ» ብለው ጀመሩ፤ ጅብና ጦጣ ማር ሊቆርጡ ጫካ የገቡበትን ተረት። ተረቱ የጋሼ ነው፣ በቃላችን እናውቀዋለን። ጦጣዋ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ማሩን እየላሰች ሰፈፉን ለጅቡ ትጥልለታለች፣ ጅቡም ከታች ሆኖ እያላመጠ ያመሰግናታል። እትዬ ታደለች ግን ዛፉ ሥር ሲደርሱ «ጅቡም ዘሎ ዛፉ ላይ ወጣ» አሉ።

«ጅብ ዛፍ ላይ አይወጣም እኮ! የወጣችው ጦጣዋ ናት» አልኩ።

«የእኔ ጅብ ይወጣል» አሉና ቀጠሉ።

በሚቀጥሉት ቀናት ነገሩ ባሰበት። ኤሊ በረረች፤ አንበሳ የጾም ምግብ በላ። እኛ እንጮሃለን፣ እንሟገታለን፣ እንስቃለን፤ ከአልጋው በኩል ግን ምንም አይሰማም። ያኔ እርጅና ይሆናል ያስረሳቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

ሬዲዮውን ግን የምር ይሠሩት ነበር። ሲከፈት ከድምፅ ይልቅ እንደ ንብ ቀፎ ጉምጉም ይላል። «ጉምጉም ሲል ኮንደንሰሩ ነው ይል ነበር ኢተፋ» አሉና፣ ጋሼ ለመለዋወጫ ካስቀመጧቸው ዕቃዎች መሃል ደህና ኮንደንሰር፣ ጣሳ መሳይዋን ዕቃ፣ ፈልገው አገኙ፣ ጣታቸውን ሁለቴ አቃጥለው ቀየሩት። የዛገውን መገናኛ በጨርቅ ጫፍ ካቲካላ እየነከሩ ሲያጸዱ ወደ አልጋው ዞረው «ኢተፋ፣ ሬዲዮህን አረቄ እያጠጣሁት ነው!» አሉ። ጉምጉምታው ጠፋ፤ የሰው ድምፅ ግን አልመጣም።

በማግስቱ መብራት ነበር። እትዬ ታደለች ሬዲዮውን አበሩት፣ ቫልቮቹ ቀሉ፣ ጠበቅን፤ ዝም። አጠፉት፣ ገመዱንም ከግድግዳው ነቅለው እንድናየው አነሡት። «አሁን ኤሌክትሪክ የለውም፣ እጄን ላስገባ» አሉና ከሥር የላላ የመሰላቸውን ሽቦ ሊገፉ ባዶ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

«ተይ!»

ድምፁ የጋሼ አይመስልም፤ ወፍራምና የተሰነጠቀ ነው። እትዬ ታደለች እጃቸውን አየር ላይ እንዳለ ያዙ። ጋሼ ዞረዋል። በግራ ክንዳቸው ተደግፈው ግማሽ ተነሥተው፣ ፊታቸው ላብ አውጥቶ፣ አፋቸው ሌላ ቃል እየፈለገ ያጣል። ከዚያ በግራ እጃቸው ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙ። እትዬ ታደለች መቆንጠጫውን አነሡ፤ ጋሼ «አይደለም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እጀታው እንጨት የሆነውን ጠመንጃ መፍቻ አነሡ፤ «እሱ ነው» በሚል ዓይን አዩአቸው። ከዚያም በጣታቸው እየመሩ የመፍቻው ብረት የኮንደንሰሩን እግርና የሳጥኑን ብረት አንድ ላይ እንዲነካ አስደረጓቸው።

ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ልጆቹ በር ላይ ተረጋገጡ።

ገመዱ ቢነቀልም በተቀየረው ኮንደንሰር ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል ተቀምጦ ኖሯል። ጋሼ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን ያስወጡ ነበር፤ እትዬ ታደለች ግን ያን ጊዜ ጓዳ ወይም ገበያ ስለሚሆኑ አይተውት አያውቁም። መነጽሩን አወለቁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ራት ላምጣልህ?» አሉ። ጋሼ እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ምሽት ያቀረቡላቸውን ሁሉ በሉ።

ከዚያ ወዲያ አልጋው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ሬዲዮው በርቶ ሳለ ጋሼ በግራ እጃቸው ይጠቁማሉ፣ እትዬ ታደለች እጀታውን ብቻ ይዘው በመፍቻው ጫፍ ይነካሉ። ከድምፅ ማጉያው ተነሥተው ወደ አንቴናው፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዱ። መፍቻው በነካ ቁጥር ማጉያው «ጠቅ» ካለ ያ ክፍል ደህና ነው፤ አልፈውት ይሄዳሉ። አንቴናው አጠገብ ሲደርሱ «ጠቅ» መስማታችን አበቃ። እዚያ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከጥቅሉ ተበጥሶ ነበር። የእትዬ ታደለች ዓይን ለእሱ አይደርስም፣ የጋሼ ቀኝ እጅ አይታዘዝም። ስለዚህ ገመዱን ነቅለው ኃይሉን ካስወጡ በኋላ እትዬ ታደለች በጋሼ ምልክት ሽቦውን በመቆንጠጫ ያዙ፣ ጋሼ የጋለውን ብረት በግራ እጃቸው አነሡ፤ ብረቱ እየቀዘቀዘባቸው ደጋግመው ወደ ፍሙ መለሱት። በመጨረሻ ያዘ።

ሬዲዮው ሲበራ መጀመሪያ ፉጨት መጣ፤ ቀጥሎ በማናውቀው ቋንቋ የሚናገር ወንድ ድምፅ፣ እንደ ማዕበል እየቀረበና እየራቀ። ማንም ምንም አልገባውም፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማነው። ጋሼ የጣቢያ መቀየሪያውን በግራ እጃቸው እየዳሰሱ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አሉት።

የጋሼ ንግግር ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ጥቂት ቃላት ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ በአንድ እየወጡ መጡ። አንድ ምሽት እትዬ ታደለች የማሩን ተረት እንደገና ጀምረው ጅቡን ዛፍ ላይ ሊያወጡት ሲሉ ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አድርገው «ሂን ኮሩ!» አሉ፤ አይወጣም። እኛ አጨበጨብን። እትዬ ታደለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ብዙ ቆይተው ነው የተመለሱት።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖረው አረፉ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ መቱ ስመለስ እትዬ ታደለችን ልጠይቃቸው ሄድኩና በልጅነቴ ያልጠየቅኳቸውን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ተረቱ ጠፍቶብዎት ነበር?»

«ምን ይጠፋብኛል! አውቄ ነው የማበላሸው። ተቆጥቶ እንዲያርመኝ ብዬ ነው እንጂ። ኮንደንሰሩን ግን ልጄ፣ እሱን ሳላውቅ ነው። ልሞት ነበር።» ፈገግ አሉ። «ደግሞ የሞኝነቴ ብዛት! ተረቱን ሳወራ ከኋላው ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰ መስሎኝ፣ እናንተን ከሸኘሁ በኋላ እንባው እስኪደርቅ ብዬ ብቻውን ትቼው ደጅ እቀመጥ ነበር። አፉ ትንሽ ሲፈታለት ነው የነገረኝ። ለካ እየሳቀ ኖሯል።»

እንግዲህ ለሳምንታት የታሰበበት ብልሃት ያላወጣውን ቃል አንዲት ድንጋጤ አወጣችው፤ ብልሃቱ ግን ከንቱ አልነበረም፣ ከግድግዳው ጋር የቀረውን ሰው ማንም ሳያውቅ ሲያስቅ ከርሟል። ሥራዬ ከታመመ ሰው ጋር አያገናኘኝም፣ ሬዲዮ መጠገንም አላውቅም። ነገር ግን ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ባየሁ ቁጥር፣ ልውጣለት ብዬ ከመነሣቴ በፊት፣ ትንሽ እቆያለሁ።