ፊቱ የማይታየው ወፍ

ያን ፊልም ስንት ጊዜ እንደከፈትሁት አላውቅም፤ እስከ መጨረሻው ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ብቻዬን፣ አባቴ አጠገቤ መቀመጥ ከመጀመሩ በፊት።

ፊልም ላይ ክፉ ነኝ። ፍኖተ ሰላም አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብም ለብዙ ዓመት መርቻለሁ። የኛ ተዋናይ ጎረቤት ይሰማኝ ብሎ ሲያለቅስ ሳይ ደሜ ይፈላል። ባልደረቦቼ «አንቺ ፊልም አታይም፣ ፈተና ታርሚያለሽ እንጂ» ይሉኛል። ይህን ፊልም ያገኘሁት መናኸሪያው አጠገብ ፍላሽ ላይ ዘፈን ከሚጭን ሱቅ ነው። ባለሱቁ «ታሪካዊም ነው፣ ወንጀልም አለበት፣ ግን ቀስ ይላል» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ቀስ ይላል ሲለኝ ወዲያው ጫንልኝ አልሁት።

ታሪኩ በንጉሡ ዘመን የሆነ ነው። የአንድ ባለጠጋ የጤፍ ክምር ይቃጠላል፣ ጠባቂውም አብሮ ይሞታል። ማን እንዳቃጠለው ስላልታወቀ አገሩ ለአውጫጭኝ ይጠራል። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢው ሰው በሙሉ ስንቁን ይዞ ሜዳ ላይ የሚውልበት፣ ወደ እርሻውም መሄድ የሚከለከልበት የድሮ ምርመራ ነው። ከሕዝቡ መካከል በድብቅ የተመረጠና የማለ ሰው ይኖራል፤ ወፍ ይሉታል። ያየም የሰማም በጆሮው ሹክ ይለዋል። እሱ ደግሞ ማን እንደነገረው ሳያወጣ፣ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የጥፋተኛውን ስም ለዳኞቹ ለብቻቸው ያደርሳል።

ገና ከጅምሩ ነው የተሸነፍሁት። የጭቃ ሹሙን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ በዋለ፣ ስንቁ ባለቀበት ሕዝብ ፊት ቁጭ ብሎ ቆሎውን እያሸ ይበላል፤ ገለባውን እፍ ይለዋል። ሌላው ቢሆን ጅራፍ ያስጮህ ነበር። ተከሳሹን የሚሠራው ደግሞ ስሙ ሲጠራ ዞሮ ከኋላው ያያል፤ ማንን እየጠሩ እንደሆነ ለማወቅ። አይጮህም፣ ደረቱን አይደቃም። ከኋላው ማንም እንደሌለ ሲገባው ቀስ ብሎ ይመለሳል። እዚህ ላይ ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ።

የዳይሬክተሩ ጥበብ ግን ወፉ ላይ ነው፤ ያ ትዕይንት ተከሳሹ ከመጠራቱ በፊት ነው የሚመጣው። ካሜራው ከወፉ ጀርባ ይቆምና ንቅንቅ አይልም። የሚታየን ማጅራቱና የጋቢው ጫፍ ነው። «ወፍ ነገረችኝ» ሲል ትከሻው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አይወርድም። ስሙን ተናግሮ፣ ዳኞቹ ወጥተው ሄደው እንኳ ትከሻው እንደወጣ ነው። ሙዚቃ የለም፤ ውጭ አንድ ሰው እንጨት ሲፈልጥ ይሰማል። በፊልሙ በሙሉ የዚህን ሰው ፊት አናይም። የክበቤን ተማሪዎች ሰብስቤ ይህን ሳሳያቸው «ታዲያ እሱም ተዋናይ ይባላል?» አሉኝ። በማጅራቱ ብቻ ሰው ያስጨነቀ ተዋናይ ካልተባለ ማን ሊባል ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ተቆጣሁ።

አባቴ ባለፈው ክረምት ልቡን አሞት ከቡሬ ወዲያ ካለው አገራችን ወደ እኔ መጣ። ሐኪሙ በየሳምንቱ ይታዩ ስላለው እኔው ዘንድ ከረመ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መውጫ የለም። አንድ ቀን ላፕቶፑን ፊቱ አስቀመጥሁና ፊልሙን ከፈትሁለት። ስለ ትወና ላስተምረው ነበር ሐሳቤ፤ ሰማንያ ዓመት የደፈነውን ሰው!

መጀመሪያ ላይ ነቀፌታው አላስቀመጠኝም። «ይኸ ወይፈን ቀንበር አያውቅም፤ ለጌጥ ነው ያመጡት» አለ። «አውጫጭኝ ላይ በሦስተኛው ቀን ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ይጋደማል እንጅ።» የጭቃ ሹሙን ግን ወደደው። «ይኸ ሰው ሹም አይቶ ያውቃል» አለ። ከዚያ ወፉ መጣ።

«አቁሚው» አለ አባቴ።

«ገና እኮ ነው አባየ፣ ዋናው ቦታ...»

«አቁሚው አልሁሽ።»

በማግሥቱ ራሱ ክፈችልኝ አለ፤ ወፉ ጋ ሲደርስ አሁንም አስቆመኝ። እንዲህ እያልን ሳምንት አለፈን። እኔ ትወናውን ወዶት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ምስሉ እንደቆመ ማስረዳት ጀመርሁ። «አዩ አባየ፣ ዳይሬክተሩ ፊቱን ያላሳየን ሆን ብሎ ነው። ማንም ሊሆን ይችላል ለማለት ነው።»

ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ። «ማንምስ አይደለም» አለ። «ትከሻው ልክ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርሁ።»

የነገረኝን ባጭሩ ልበል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ሳለ የመንደራችን ባለጠጋ ክምር ተቃጠለ። ሰው አልሞተም፤ አውጫጭኙ ግን ተጠራ። አባቴ ወሬ ስለማያበዛ ወፍ ሆኖ ተመረጠ፣ መሐላም ፈጸመ። ወንዝ ዳር ከብት ሲያጠጣ አንድ ሰው መጥቶ የጎረቤታቸውን ስም ሹክ አለው፤ እሱም ስሙን ለዳኞቹ አደረሰ። የጎረቤታቸው በሬዎች ተወሰዱ። ሰውየው እሳት የሚጫጫረው ሰው አጣ። ሚስቱንና ትንሽ ሴት ልጁን ትቶ ወደ ቆላ ወረደ፣ በዚያው ሞተ። ከብዙ ዘመን በኋላ የአባቴ ታላቅ ወንድም በሞት አልጋው ላይ ሆኖ አባቴን ጠራውና «ክምሩን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» አለው። ያን ጊዜ ወንዝ ዳር መጥቶ የጎረቤቱን ስም ሹክ ያለውና አባቴ በመሐላው ስሙን ያላወጣው ሰውም ይኸው ወንድሙ ነበር።

ተቆጣሁ። አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህሁበት። «ታዲያ ይህን እያወቁ እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«ወፍ የነገረውን ሰው ቢያወጣ ዘሩ አይባረክ ተብሎ ነው የሚማለው» አለ። «ዘሬ ደግሞ አንች ነሽ።»

ዝም ማለቱ በኔ ስም ኖሯል። ቀጥሎ የተናገረው ይብሳል። የንስሐ አባቱ መሐላውን ፈትተውለታል፤ ይቅርታው ግን የልጅቱ ነው ብለውታል። የዚያ ሰው ልጅ ቡሬ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። «ሳልሞት ልንገራት። አምጭልኝ» አለኝ። ፊልሙን ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደሚያስቆመኝም ያን ዕለት ጠየቅሁት። «እዚህ ላይ ከቆመ፣ ሰውየው ገና አልተጠራም» አለ።

ቡሬ ሄድሁ። ሴትዮዋ ስድሳን ተሻግራለች። ማን እንደሆንሁ ስነግራት የበርበሬውን ብናኝ ከእጇ አራግፋ አቀፈችኝ። አባቷ ከወረደ በኋላ መሬታቸውን በየክረምቱ ጠምዶ ያረሰላቸው አባቴ ነው አለች፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። «ሰው ሁሉ የአቃጣይ ልጅ ሲለኝ፣ እርሳቸው ብቻ ናቸው ልጄ ያሉኝ» አለችኝ። እዚያው ልነግራት እችል ነበር። የሱ ነገር ነው፣ ራሱ ይናገር ብዬ ራሴን አታለልሁና፣ ታሟል፣ ሊያይሽ ይፈልጋል ብቻ አልኋት።

በሳምንቱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በርበሬ ቋጥራ መጣች። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። አባቴ ጀመረ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ አባትሽን...»

«አባቴንማ እርስዎ ባይኖሩ ማን በደግ ያነሣው ነበር!» አለችና ምርቃቱን አወረደችው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና መረቀችው። በሦስተኛው ወደ ላፕቶፑ በአገጩ አመለከተኝ። «ክፈችው» አለ።

ፊልሙ እንዲናገርለት ፈልጎ ነው። ገባኝ። ከፈትሁት።

ሴትዮዋ ፊልም የምታይ ሰው አይደለችም፤ ግን ከጭቃ ሹሙ ቆሎ ጀምሮ ዐይኗን አልነቀለችም። ወፉ ጋ ሲደርስ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ አቁሚው እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም። ሳየው የራሱ ትከሻ ከፍ ብሏል። ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ዞር በል» አለችው ማጅራቱን። «ዞር በልና ልይህ።»

ፊልሙ ቀጠለ። የተከሳሹ ስም ተጠራ። አባቴ ያን ትዕይንት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሰውየው ዞሮ ከኋላው አየ፣ ማንም የለም፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። አባቴ አለቀሰ። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ በጺሙ ይወርዳል። ሴትዮዋ ዘወር ስትል አየችውና ነጠላዋን ሰብስባ ፊቱን ጠረገችለት።

«አይዞዎት አባባ» አለችው። «ፊልም እኮ ነው።»

በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሙሉ ዐይን ይናገራል ስል ኖሬያለሁ፤ የሱ ዐይን ምን እንዳለኝ አልጠፋኝም። እኔ አቃተኝ፣ አንች ንገሪያት ነው ያለኝ። እኔ ግን የሷ እጅ ከአባቴ ፊት ላይ ሲነሣ ማየት ፈራሁ። ፊልም ሲያዩ ሰውየውን ለማዳን እጅን ስክሪኑ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ ያን ቀን ገዛ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ እንደዚያው ሆንሁ። «ሻይ ላምጣ» ብዬ ተነሣሁ።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ሴትዮዋ ቆማለች። ዝናብ እየመጣ ነው፣ የቡሬ መኪና ያልቅብኛል አለች። ፊልሙ ሳያልቅ ሄደች። አባቴ ከዚያ ወዲያ ክፈችልኝ አላለኝም፣ ስለሷም አላነሣም። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ከቡሬ ሴቶች ጋር መጣች። «የአባቴ ምስክር፣ ያረሰልኝ፣ ልጄ ያለኝ» እያለች ስታወርደው ድፍን አገር አለቀሰ። እኔ ክንዷን ይዤ ደገፍኋት።

በአርባው ዕለት ከሰው ቀድማ መጥታ ሥራ ታግዘኝ ጀመር። ጓሮ፣ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ሳህን እያጠብን ሳለ ድንገት ትዝ አላት።

«እኔ እምለው፣ ያ ፊልም መጨረሻው ምን ሆነ? ያ ወፍ ዞረ?»

«አልዞረም» አልኋት።

«ወይ ጉድ» አለች፣ ያጠበችውን ሳህን እያስቀመጠች። «እኔማ በመጨረሻው ያሳዩናል ብዬ ነበር።»

ጀርባዬን ሰጥቻት ከበርሜሉ ውሃ መቅዳት ቀጠልሁ።